«አይቻልም» ሊል የተነሣው ሰው

እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ እየተገባደዱ ነበር። በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ከተማ፣ በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የምርምር ማእከል ውስጥ፣ ጥቂት ፕሮግራመሮች ኤኮ የሚባል የፋይል ማከማቻ ሲስተም ይሠሩ ነበር። ሐሳባቸው ለሰሚው ቀላል ነው። ፋይሉን አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከማኖር ይልቅ ቅጂውን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ማስቀመጥ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲይዝ። ፕሮግራመሮቹ ግን በዚህ አላበቁም። የፈለገው ያህል ኮምፒውተር ይውደቅ፣ የፈለገው ያህል መልእክት መንገድ ላይ ይጥፋ፣ ቅጂዎቹ እርስ በርሳቸው አይጣረሱም አሉ።

በዚያው ማእከል ሌስሊ ላምፖርት የሚባል የሒሳብ ሰው ይሠራ ነበር። የባልደረቦቹን ንግግር ሰማ፣ አሰበበት፣ አላመነም። ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ ደመደመ። ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ ግን አልሆነለትም። የማይቻል ከሆነ አለመቻሉ በማስረጃ መታየት አለበት ብሎ ማስረጃውን ለመጻፍ ተቀመጠ።

ለጥርጣሬው ምክንያት ነበረው። ከዚያ በፊት ኤስ አር አይ በሚባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ፣ ባልደረቦቹ ለናሳ አውሮፕላንን የሚያበር ኮምፒውተር ያጠኑ ነበር። አብራሪው ኮምፒውተር አየር ላይ ቢበላሽ ተሳፋሪው ሁሉ ያልቃል፤ ስለዚህ ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ላይ እያሰሉ ድምፅ መስጠት ነበረባቸው። ሦስት ቢሆኑ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱ ያሸንፉታል ተብሎ ይታሰብ ነበር። የተበላሸው ማሽን ግን ዝም ብሎ አይቆምም፤ ለአንዱ ጓደኛው አንድ ቁጥር፣ ለሌላው ሌላ ቁጥር ሊነግር ይችላል። ሁለቱ ጤነኞች ያኔ ማን እንደዋሸ መለየት አይችሉም። ሮበርት ሾስታክ ለአንድ ዋሾ ሦስት እንደማይበቁ፣ አራት እንደሚያስፈልጉ አሳየ፤ ማርሻል ፒዝ ውጤቱን ለማንኛውም የዋሾ ብዛት አሰፋው። ሁለቱና ላምፖርት በ1980 አብረው አሳተሙት። ከሁለት ዓመት በኋላም ላምፖርት ችግሩን ከተማ ከበው በመልእክተኛ ብቻ የሚነጋገሩ፣ መካከላቸው ከሃዲዎች ያሉባቸው የባይዛንታይን ጄኔራሎች ታሪክ አድርጎ አቀረበው። ታሪኩ ወዲያው ተወደደ፤ ይህ ስኬት በኋላ ምን እንደሚያስከፍለው ግን ገና አላወቀም።

የኤኮ ሰዎች ስለ ዋሾ ማሽን አልነበረም የሚያወሩት። የእነሱ ማሽን ወይ በትክክል ይሠራል ወይ ጸጥ ይላል። ነገሩ ከባይዛንታይኖቹ የሚቀል ይመስላል። ሆኖም በ1985 ማይክል ፊሸር፣ ናንሲ ሊንችና ማይክል ፓተርሰን አንድ አስደንጋጭ ውጤት አሳትመው ነበር። መልእክት የሚደርስበት ጊዜ ወሰን ከሌለው፣ አንድ ማሽን ብቻ እንኳ ሊወድቅ የሚችል ከሆነ፣ የቀሩት ማሽኖች ሁልጊዜ ከስምምነት ላይ እንዲደርሱ የሚያደርግ አንድም ቋሚ፣ በዕድል የማይመራ ሥርዓት የለም። ከባድ አልጎሪዝም ነው ማለታቸው አይደለም፤ የለም ነው ያሉት።

እንቆቅልሹ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው። መልስ ያልሰጠ ኮምፒውተር ሞቷል ወይስ ዘግይቷል? በኔትወርክ ማዶ ላለ ማሽን ሁለቱ አንድ ናቸው። ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» የተባለ ሰው ያስብ። ገንዘቡ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ሌላው እየሄደ ሳለ ማሽኑ ጸጥ ካለ፣ ዝውውሩ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? የቀሩት ማሽኖች ተፈጽሟል ብለው ቢቀጥሉ፣ የተኛው ማሽን ነቅቶ አልተፈጸመም ሊል ይችላል።

ሌሎች መፍትሔ ሳይሞክሩ የቀሩ አልነበሩም። የመጀመሪያው መንገድ ሁሉም ማሽኖች እሺ እስኪሉ መጠበቅ ነበር። ጂም ግሬይ በ1978 በጻፈው የዳታቤዝ ማስታወሻ ይህን ባለሁለት ዙር አሠራር ዘርዝሮታል። ትክክል ነው፣ ስሕተት አይፈጥርም፤ ነገር ግን አስተባባሪው ማሽን መሀል ላይ ቢወድቅ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው እሱ እስኪነሣ ይቀመጣሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዴል ስኪን ሦስተኛ ዙር እንደሚያስፈልግ ተረዳ። ይህም ቢሆን ማሽን መሞቱና መዘግየቱ በሚምታታበት ኔትወርክ ውስጥ ሙሉ ዋስትና አልሰጠም።

ሌላው መንገድ አለቃ መሾም ነበር። አንዱ ማሽን ይዘዝ፤ ከጠፋ ሌላ ይሾም። ጠፋ የተባለው አለቃ ግን ዘግይቶ ብቻ ከሆነስ? ተመልሶ ሲመጣ ሁለት አለቆች ይኖራሉ፤ ሁለቱም ትእዛዝ ይሰጣሉ፣ ሁለቱም የሚሰማቸው አያጡም። ለቅጂዎች ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም።

እንግዲያው በአብላጫ ድምፅ ይወሰን? ከአምስቱ ሦስቱ ከተስማሙ ጸደቀ ይባል? ጥሩ ነው፤ ግን ሦስቱ ተስማምተው ውጤቱን ለሌሎቹ ሳይናገሩ ሁለቱ ቢወድቁስ? አንድ ምስክር ብቻ ቀረ። ምስክሩም ውሳኔው መጽደቁን አያውቅም፤ የሚያውቀው እሱ ራሱ እሺ ማለቱን ብቻ ነው።

ላምፖርት ማስረጃውን ይጽፋል የተባለው እዚህ ላይ ነበር። የማይቻል ነው ለማለት፣ ማንኛውም የሚሠራ አልጎሪዝም ምን ምን ማሟላት እንዳለበት አስቀምጦ ግዴታዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ማሳየት ያስፈልጋል። ግጭቱን ሊይዘው ሄደ፤ ግጭቱ ግን ከቦታው አልተገኘም።

ቁልፉ አንድ ሕፃን ልጅ በጣቱ ቆጥሮ የሚያገኘው ነገር ነበር። ከአምስት ሰዎች ሦስቱን ምረጥ። እንደገና የፈለግሃቸውን ሦስት ምረጥ። ሦስትና ሦስት ስድስት ነው፤ ሰዎቹ ግን አምስት ናቸው። ስለዚህ በሁለቱም ጊዜ የተመረጠ ቢያንስ አንድ ሰው አለ። ምልአተ ጉባኤ አብላጫ እስከሆነ ድረስ፣ ሁለት ጉባኤዎች አንድ የጋራ አባል ሳይኖራቸው መሰብሰብ አይችሉም። ያ አንድ አባል ያለፈውን ጉባኤ ምስጢር ወደ አዲሱ ይዞ ይመጣል፤ የሚጠይቀው ካገኘ።

አምስት ኮምፒውተሮች አሉ እንበል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ። እያንዳንዱ ሙከራ የራሱ ቁጥር አለው። ሀ በቁጥር 1 ተነሥቶ «ገንዘቡ ይተላለፍ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሀ ራሱ፣ ለ እና ሐ ተቀበሉት፤ እያንዳንዳቸውም መልስ ከመስጠታቸው በፊት ዲስካቸው ላይ ጻፉት። በዚያች ቅጽበት ሀ እና ለ መብራት ጠፋባቸው። መ እና ሠ ምንም አልሰሙም። ጥቂት ቆይቶ መ መሪው ጠፍቷል ብሎ በቁጥር 2 ተነሣ። እሱ የያዘው ሐሳብ ሌላ ነው፤ «ዝውውሩ ይሰረዝ» ይላል። ያለ ጥያቄ ቢያውጀው ኖሮ አደጋው ይደርስ ነበር።

መ ግን ማወጅ አይፈቀድለትም። መጀመሪያ ለአብላጫው ሁለት ነገር ማለት አለበት። አንደኛ፣ ከቁጥር 2 በታች የሆነ ማንንም እንዳትሰሙ ቃል ግቡልኝ። ሁለተኛ፣ ከዚህ በፊት የተቀበላችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ። ሠ ቃል ገባ፣ የሚናገረው አልነበረውም። ሐ ቃል ገባና ዲስኩን አነበበ፤ በቁጥር 1 «ገንዘቡ ይተላለፍ» የሚለውን ተቀብያለሁ አለ። መ ያኔ የራሱን ሐሳብ መተው ግዴታው ሆነ። የሰማው ሐሳብ ብዙ ቢሆን ከሁሉ ትልቁን ቁጥር የያዘውን ይመርጣል፤ እዚህ የሰማው አንድ ብቻ ነውና ያንኑ በቁጥር 2 አቅርቦ ከሐ እና ከሠ ጋር አጸደቀው። ሀ በመጨረሻ ነቅቶ በቁጥር 1 ልቀጥል ሲል አብላጫው ለትልቅ ቁጥር ቃል ገብቷልና አልሰማውም። መብራት የጠፋባቸው ሁለቱም ሲነሡ ዲስካቸውን ያነባሉ፣ ካሉበት ይቀጥላሉ። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ተላለፈ፤ የተጣረሰ ነገር የለም።

ይህ ትዕይንት ያለውን ውበት ደጋግሜ ባየው አልጠግበውም። ማንም ማሽን ማን እንደሞተ ማወቅ አላስፈለገውም። በቀጥታ ሲታገሉት አልፈታ ያለው ጥያቄ፣ «ሞቷል ወይስ ዘግይቷል» የሚለው፣ ሳይመለስ ቀረ፤ መልሱ ሳይታወቅም ሥራው ሄደ።

የእነ ፊሸር ማስረጃስ? እሱም አልተሻረም። ሁለት ማሽኖች እየተሽቀዳደሙ፣ አንዱ በቁጥር 3 ሲነሣ ሌላው በ4፣ የመጀመሪያው መልሶ በ5 ቢነሣ፣ አንዱም ሳይጨርስ ለዘላለም ሊቀጥሉ ይችላሉ። አልጎሪዝሙ ይዘገያል፤ አይሳሳትም ግን። ትክክለኛነቱ በጊዜ ላይ አልተንጠለጠለም፤ በጊዜ ላይ የተንጠለጠለው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ላምፖርት ሊያፈርሰው የሄደው ነገር እጁ ላይ ቆሞ ቀረ።

በዚያው ዘመን፣ በአገሩ ሌላ ጫፍ፣ በኤም አይ ቲ ብራያን ኦኪና ባርባራ ሊስኮቭ በራሳቸው መንገድ ከተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሰው በ1988 አሳትመው ነበር። ሁለት ቡድን ሳይነጋገር አንድ ነገር ካገኘ ነገሩ ሊገኝ የደረሰ ነበር ማለት ነው። የላምፖርት ግኝት ግን ከመገኘቱ ይልቅ መሰማቱ ከበደ።

የጄኔራሎቹ ታሪክ ተወዶ ነበርና፣ ላምፖርት አሁንም በታሪክ ሊናገር ወሰነ። ፓክሶስ በምትባል የግሪክ ደሴት ጥንታዊ ፓርላማ ነበር አለ። የፓርላማው አባላት ነጋዴዎች ስለሆኑ በስብሰባ መሀል ይወጣሉ፣ ይገባሉ። መልእክተኞቻቸውም ወረቀት እንደያዙ ይጠፋሉ። እያንዳንዱ አባል የወጣውን ሕግ በማይጠፋ ቀለም በራሱ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ማንም ሰው ስብሰባውን እስከ መጨረሻው ባይታደምም መዝገቦቹ አይጣረሱም። አባላቱን በሙያው ባሉ ሰዎች ስም ሰየማቸው፤ ስማቸውንም በግሪክ ፊደል ጻፈው። ሐሳቡን ሊያስረዳ ንግግር ሲያደርግም እንደ ፊልሙ ኢንዲያና ጆንስ ባርኔጣ ደፍቶ፣ የኪስ መጠጥ መያዣ ታጥቆ፣ አርኪኦሎጂስት መስሎ ቀረበ።

ንግግሩ ከሸፈ። ላምፖርት ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ ሰሚዎቹ ያስታወሱት ኢንዲያና ጆንስን ነበር፤ አልጎሪዝሙን ማንም አላስታወሰም። ጽሑፉን ለጥቂት ታላላቅ ሰዎች ላከው፤ ከእነሱ አንዷ ናንሲ ሊንች ነበረች። ወራት ካለፉ በኋላ በኢሜይል አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው። የፈለገው ያህል ማሽን ቢወድቅ ቅጂዎቹ የማይጣረሱበት፣ ከግማሽ በላዩ ሲነሣም ሥራውን የሚቀጥል ዳታቤዝ መሥራት ይቻላል? መልሱ በላከላቸው ጽሑፍ ውስጥ ነበር። ጥያቄውንና ጽሑፉን ያገናኘ ግን አንድም አልተገኘም።

በ1990 ጽሑፉን ለአንድ የሙያ መጽሔት ሰጠ። ሦስት ገምጋሚዎች አነበቡት። ነገሩ መጠነኛ ትኩረት ይስባል፣ ያን ያህል ጠቃሚ ግን አይደለም፣ ለማንኛውም የደሴቲቱ ታሪክ ይውጣ አሉ። ላምፖርት ተናደደ፤ ታሪኩን አላወጣም፣ ጽሑፉንም አላረመም። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

አንድ ሰው ግን ገብቶት ነበር። በትለር ላምፕሰን፣ በዚያው ማእከል የነበረ የኮምፒውተር ሊቅ፣ የፓርላማውን ቀልድ አልፎ ውስጡን አየ። በየሄደበት ማስተማር ጀመረ፤ በ1996ም በዚሁ አልጎሪዝም የማይወድቅ ሲስተም እንዴት እንደሚሠራ ጻፈ። ያለ ላምፕሰን ይህ ግኝት ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ ያስፈራኛል። በመካከሉ በዚያው ማእከል ፔታል የተባለ የዲስክ ሲስተም የሚሠሩ ኤድ ሊና ቻንዱ ቴክካት እንዲህ ያለ አልጎሪዝም አስፈለጋቸው። ላምፖርት ያልታተመውን ጽሑፍ ሰጣቸው። አነበቡት፤ አልከበዳቸውም። ላምፖርት እንግዲያውስ ጊዜው ደርሷል አለ።

ጽሑፉ በግንቦት 1998፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ታተመ። ኪት ማርዙሎ የተባለ ተመራማሪ ጨዋታውን ተቀብሎ መግቢያ ጻፈለት። ጽሑፉ ከፋይል ሣጥን ጀርባ ተገኘ፣ ደራሲው በግሪክ ደሴቶች ቁፋሮ ላይ ስለሆነ ሊገኝ አልቻለም አለ። በዚህም ጊዜ ብዙ አንባቢ ግሪኩ ውስጥ ጠፋ። በ2001 ላምፖርት ስለ ክብደቱ የሚያወራው ሰው ሲያሰለቸው ያለ ደሴት፣ ያለ ፓርላማ፣ ቀለል አድርጎ እንደገና ጻፈው። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። ጎግል ቸቢ የተባለውን አገልግሎቱን በዚህ አልጎሪዝም፣ በደሴቲቱ ስም ፓክሶስ በተባለው፣ ላይ አቆመ። ነገር ግን በ2007 መሐንዲሶቹ ራሳቸው እንደመሰከሩት፣ በወረቀቱ ላይ ባለው አልጎሪዝምና በሚሠራው ሲስተም መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነበር። ዲስኩ የጻፈውን አበላሽቶ ቢመልስስ? ማስረጃው ስለዚያ ዝም ይላል።

በስታንፎርድ ዲዬጎ ኦንጋሮ የሚባል የዶክትሬት ተማሪም ከፓክሶስ ጋር ሲታገል ቆየ። ከአማካሪው ከጆን ኡስተርሃውት ጋር ሆኖ ሌላ ጥያቄ አነሣ። ለሰው የሚገባ አልጎሪዝም መሥራት ይቻላል? ራፍት ብለው ሰየሙት። ቁርጥ ያለ መሪ ይኑር፤ ሁሉም ነገር ከመሪው ወደ ተከታዮቹ ይፍሰስ። መሪው ሲሞት ማን ይተካው የሚለው ግን አስቸገረ። በመጀመሪያ ለማሽኖቹ ማዕረግ ሰጡ፤ ሁለት ተፎካካሪ ሲነሣ ባለዝቅተኛ ማዕረጉ ለበላዩ ይለቃል። ባለማዕረጉ ራሱ ሲሞትስ? ዝቅተኛው እንደገና መነሣት አለበት፤ ቶሎ ከተነሣ ደግሞ የተጀመረውን ምርጫ ያበላሻል። አረሙት፤ ሌላ ቀዳዳ ተገኘ። ያንንም ደፈኑ፤ ሌላ ወጣ።

መውጫው እጣ ሆነ። ማዕረጉን ጣሉና እያንዳንዱ ማሽን የመሪውን ዝምታ የሚታገሥበትን ጊዜ በዕድል እንዲያወጣ አደረጉ፤ ለምሳሌ ከ150 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ባለው ውስጥ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ይነቃል፣ ድምፅ ይጠይቃል፣ ይመረጣል። ሁለት እኩል ከተነሡም ድምፁ ይከፈላል፤ እንደገና እጣ ይወጣል። የእነ ፊሸር ማስረጃ የሚያስረው ቋሚ ሥርዓትን ብቻ ነው፤ እጣ የሚያወጣውን አይደርስበትም።

በስታንፎርድና በበርክሌይ 43 ተማሪዎች ሁለቱንም አልጎሪዝሞች ተማሩ፣ ተፈተኑም። 33ቱ በራፍቱ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ። ጽሑፉ በ2014 ወጣ፤ ዛሬ ኪዩበርኔትስ የተባለው የብዙ ኮምፒውተሮች ማስተዳደሪያ የሲስተሙን ሁኔታ የሚመዘግብበት፣ ኢቲሲዲ የተባለው ማከማቻ የሚሠራው በራፍት ነው። ላምፖርትም ለሥራው ሁሉ የ2013ን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ።

ነገሩ ግን በሐምሌ 2015 እንደገና ተከፈተ። ኦንጋሮ በዶክትሬት ጽሑፉ አገልጋይ ማሽኖችን አንድ በአንድ መጨመርና መቀነስ የሚቻልበት ቀላል መንገድ አስቀምጦ ነበር፤ ብዙዎችም በእሱ ተማምነው ኮድ ጽፈዋል። አሁን ስሕተት እንዳለበት ራሱ አሳወቀ። ሁለት መሪዎች በተለያየ የመሪነት ዘመን የአባላቱን ዝርዝር ቢለውጡ፣ የአንዱ አብላጫና የሌላው አብላጫ የጋራ አባል ላይኖራቸው ይችላል። ያን ጊዜ የጸደቀ ነገር ሊጠፋ ይችላል። ማስተካከያውን አብሮ ላከ፦ አዲስ መሪ በራሱ ዘመን ቢያንስ አንድ ነገር ሳያጸድቅ የአባላቱን ዝርዝር አይንካ። ኮዱን የጻፉ ሁሉ ፕሮግራማቸውን ሊያዩ ተመለሱ።